የከሰል ጉድጓዱ ታሪክ ሳይጎድል ለልጆች ይነገር

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ልጆች መጻሕፍት ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «አሳዛኝ ታሪክ ለልጅ አይሆንም» የሚል ሐሳብ አነበብኩ። በምሳሌነት የተነሳው ደግሞ በድሮዋ ብሪታንያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ስለሠሩ ልጆችና ፈረሶች የሚጻፍ ታሪካዊ ልቦለድ ነው። በዚህ አልስማማም። ልጆቻችን ከጨቅላነታቸው ጀምሮ ጅብ አህያን ሲበላ በተረት እየሰሙ ነው ያደጉት። እኔን የሚያሳስበኝ ታሪኩ ማሳዘኑ ሳይሆን ተቆርጦ መነገሩ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1838 በእንግሊዝ፣ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ሲልክስቶን በምትባል መንደር ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሠራተኞችን ከከሰል ጉድጓዱ የሚያወጣው የእንፋሎት ሞተር ሥራ አቆመ። ልጆቹ ታች ሆነው ለሰዓታት ከጠበቁ በኋላ፣ አየር በሚገባበት ተዳፋት ዋሻ በኩል ለመውጣት ተነሱ። አንድ የእንጨት በር ከፍተው አለፉ። ወዲያው ከውጭ ያለው ጅረት ሞልቶ ወደ ዋሻው ገባና ጠራርጎ ከዚያው በር ጋር አላተማቸው። በሩን ውሃው ገፍቶ ስለያዘው ሊከፈት አልቻለም። 26 ልጆች ሞቱ። 11ዱ ሴቶች ነበሩ። የ7 ዓመት ልጅም ነበረበት።

እነዚያ በሮች አየር በጉድጓዱ ውስጥ በትክክል እንዲዘዋወር የሚያደርጉ ናቸው። የከሰል ጋሪ ሲመጣ የሚከፍቷቸው፣ ሲያልፍ የሚዘጓቸው ደግሞ ትንንሽ ልጆች ነበሩ። ሳራ ጉደር የምትባል የ8 ዓመት ልጅ ለመንግሥት መርማሪ የሰጠችው ቃል ተመዝግቦ ይገኛል። ያለ መብራት እንደምትሠራና እንደምትፈራ ተናግራለች። ሌሊት በአሥር ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀደም ብላ ትገባለች፤ የምትወጣው ወደ ማታ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ብርሃን ሲኖራት አንዳንዴ ትዘፍናለች። በጨለማ ግን መዝፈን አትደፍርም። እንግዲህ ይህን ሰምቶ የማይገባው የ9 ዓመት ልጅ አለ? እንዲያውም ከእኛ ከትልልቆቹ ይልቅ እሱ ነው የሚረዳት፤ ጨለማ መፍራት ምን እንደሆነ ገና አልረሳማ።

በፓርላማ አባሉ በሎርድ አሽሊ ግፊት የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ1842 ሪፖርቱን አወጣ። ወገባቸው ላይ ቀበቶና ሰንሰለት ታስሮ፣ በአራት እግራቸው እየዳሁ ጋሪ የሚጎትቱ ልጆች ሥዕልም ነበረበት። አገሩ ደነገጠ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች ያሉ ወንዶችን ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ከለከለ።

ብዙ ደራሲ እዚህ ላይ መጽሐፉን ደስ ብሎት ሊዘጋ ይችላል። እኔ ግን ቀጥል እለዋለሁ። 10 ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። የሴቶቹ ደመወዝ ሲቋረጥ የተቸገረ ቤተሰብም ብዙ ነው። ጋሪውም ቢሆን መጎተቱ አልቀረም። ድንክ ፈረሶች ከዚያ በፊትም ይሠሩ ነበር፤ ከሕጉ በኋላ ግን ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። በ1913 በብሪታንያ ማዕድኖች ውስጥ ወደ 70,000 የሚጠጉ ፈረሶች ነበሩ። በጥልቅ ጉድጓዶች ጋጣቸውም እዚያው መሬት ውስጥ ስለነበር፣ ብዙዎቹ ሜዳ የሚያዩት በዓመት አንዴ፣ ማዕድኑ ለዕረፍት ሲዘጋ ነው። ነጂዎቻቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጋ ወጣቶች ነበሩ። ልጁ ምሳውን ለፈረሱ ያካፍላል። ጣሪያው ሊደረመስ ሲል ፈረሱ አልሄድም ብሎ እንደሚቆምና ነጂውን እንደሚያድን የማዕድን ሠራተኞች ይናገሩ ነበር። ይህን ፍቅር ልጅ ይወደዋል፣ ይውደደውም። ግን ፈረሱ ለምን እዚያ እንደገባም ይንገሩት።

እኛም አገር በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ 15 ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ወጣትን በማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ማሠራትም ክልክል ነው። ልጆቻችን እንዲህ ያለ ክልከላ ከየት እንደመጣ፣ ምን ያህል ሕይወት እንደተከፈለበት ቢያውቁ ምን ይጎዳቸዋል?

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በልጆች ገጻችሁ ላይ አንድ ደራሲ ይህን ታሪክ በተከታታይ እንዲጽፍ ቦታ ስጡልን። በር የምትጠብቅ ልጅና፣ ከሕጉ በኋላ ፈረስ ነጂ የሚሆን ታናሽ ወንድሟ ቢኖሩበት ሁለቱም ዘመን ይገባበታል። ጋዜጣውን እየገዛሁ ለልጆቼ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ