ሽማግሌው ሰሌዳ፦ የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የቆመውን ሮቶ የማያውቅ ተማሪ የለም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ በሚመጣበት ግቢያችን ሮቶው መጉደሉን ቀድመው የሚያውቁት መሰላል ወጥተው ክዳኑን የሚከፍቱት የጥበቃ ሠራተኛችን ነበሩ። በጥቅምት ወር 23 አባላት ሆነን ሥራ ስንጀምር የክበቡ ዕቅድ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ የውሃውን ከፍታ ማንም መሰላል ሳይወጣ ከኮምፒውተር ክፍል ማንበብ።

ለዚህ የመረጥነው ኢኤስፒ-12ኤፍ የተባለውን የዋይፋይ ሞጁል ነው። ከፖስታ ቴምብር አይበልጥም፤ ዋጋውም ለክበባችን አቅም የሚመጥን ነው። ነገር ግን በጠርዙ የተደረደሩት መገናኛዎች በ2 ሚሊሜትር ሲራራቁ፣ ተማሪዎች ሽቦ የሚሰኩበት የብሬድቦርድ ቀዳዳዎች የሚራራቁት በ2.54 ሚሊሜትር ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጠው ይህ ልዩነት ለዓይን ምንም አይመስልም። የመጀመሪያውን መገናኛ ከቀዳዳው ብታስተካክሉት ግን ስምንተኛው ላይ ስትደርሱ ወደ 4 ሚሊሜትር የሚጠጋ ክፍተት ይጠብቃችኋል። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀጫጭን ሽቦዎችን በቀጥታ ሞጁሉ ላይ ለመበየድ ሞከረ። ሦስተኛው ሽቦ ላይ ሲደርስ የመገናኛው መዳብ ከሽቦው ጋር ተላጦ ወጣ።

እነዚህን ሁለት ልኮች የሚያገናኘው ትንሽ ሰሌዳ ብሬክአውት ቦርድ ይባላል። አባላቱ ግን በመጀመሪያው ሳምንት «ሽማግሌው» ብለው ሰየሙት፤ ባልተስማሙ ሁለት ወገኖች መካከል የሚቀመጠው እሱ ነውና። ስሙ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዘለቀ፤ እኔም በዚሁ እጠራዋለሁ።

በታኅሣሥ ከአዲስ አበባ ያስመጣናቸው አምስት ነጫጭ ሽማግሌዎች ከማራራቅ ያለፈ ሥራ ነበራቸው። እያንዳንዳቸው ሁለት ባለ 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮችን (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገድቡ ክፍሎችን) ይዘዋል። አንዱ ሞጁሉን የሚያነቃውን ፒን (መገናኛ) ወደ 3.3 ቮልት ይስባል፣ ሌላው ጂፒአይኦ 15 የተባለውን ፒን ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ ዜሮ ቮልት፣ ያወርዳል። ሁለቱ ካልተሟሉ ቺፑ አይነሳም። ተማሪዎቹ ይህን የተረዱት ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ አንስተውና መልሰው ነው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ ወር ሙሉ ብጽፍ ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር።

እዚህ ላይ የእኔን ጥፋት መጻፍ አለብኝ። ከሰሌዳው ጀርባ 5 ቮልትን ወደ 3.3 የሚያወርድ ሬጉሌተር የሚበየድበት ቦታ አለ። ሬጉሌተሩ ሲገባ ከፊት ለፊት ያለው፣ እንደ ተራ ሽቦ የሚያሳልፈው የዜሮ ኦም ሬዚስተር መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ 5 ቮልቱ በሬጉሌተሩ ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ሞጁሉ ይደርሳል። ይህን አስቀድሜ አልነገርኳቸውም፤ ከማብራታችን በፊትም በቴስተር አልለካሁም። የሁለት ሳምንት ትዕግሥት የፈሰሰበት ሞጁል በቅጽበት ተቃጠለ። የበየደችው የ10ኛ ክፍል ተማሪ አላለቀሰችም፤ ቴስተሩን አንሥታ ቮልቱ የት የት እንደሚደርስ መለካት ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ በክበባችን ሳይለካ የሚበራ ነገር የለም።

ቀጣዩ ችግር የመብራት ጉዳይ ነበር። ሌላ ቡድን ሞጁሉን አርዱዊኖ ኡኖ ከተባለው የመለማመጃ ሰሌዳ የ3.3 ቮልት ፒን አገናኝቶት ስለነበር ከዋይፋይ ጋር ሊገናኝ በሞከረ ቁጥር ጠፍቶ እንደገና ይነሳል። ያ ፒን የሚሰጠው 50 ሚሊአምፔር ነው፤ ሞጁሉ መልእክት ሲልክ ግን ለቅጽበት ከ300 ሚሊአምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። የራሱ ሬጉሌተርና በአጠገቡ ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች አንድ ባለ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲጨመርለት ነገሩ ረጋ።

በየካቲት አንድ የ12ኛ ክፍል አባል «መምህር፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ የመጣውን ሰሌዳ ለምን አንገዛም?» ሲል ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ዩኤስቢ ገመድ ብቻ የሚፈልግ ዝግጁ ሰሌዳ እንዳለ አልሸሸግኩትም። ነገር ግን ዝግጁው ሲበላሽ ከመጣል በቀር ምን እናደርገዋለን? ይልቅ ሽማግሌውን ራሳችን እንሥራው አልኩ። የዓመቱ ምርጥ ቀናት ከዚያ በኋላ የመጡት ናቸው።

ሥዕሉን በኮምፒውተር ሠርተን በሌዘር ፕሪንተር አንጸባራቂ ወረቀት ላይ አተምነው። ወረቀቱን መዳብ በለበሰ ሰሌዳ ላይ ደፍተን ከቤት በመጣ የልብስ ካውያ ተጫንነው። ወረቀቱ በውሃ ርሶ ሲነሳ ጥቁሩ ቀለም መዳቡ ላይ ይቀራል። ከዚያ የኬሚስትሪ መምህራችን ባሉበት፣ ጓንት ተደርጎ፣ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ይገባል። ቡናማው ፈሳሽ በላስቲክ ሳህን ቀስ ብሎ ሲወዛወዝ መዳቡ ከጠርዙ ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቀለሙ የሸፈናቸው 16 ቀጫጭን መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። ስምንት ራሶች ሳህኑ ላይ ተደፍተው ትንፋሽ እንኳ አይሰማም ነበር።

የመጀመሪያው ሰሌዳ ሥዕሉ ሳይገለበጥ በመታተሙ ግራና ቀኙ ተለዋወጠ። ሁለተኛው ላይ ካውያው በሚገባ ስላልጋለ መስመሮቹ ተቆራረጡ። ሦስተኛው ሠራ! ከአስመጣነው አንድ ነገር አሻሽለንበታል፦ በሞጁሉ አንቴና ሥር መዳብ እንዳይኖር አድርገን አንቴናው ከሰሌዳው ጠርዝ ወደ ውጭ እንዲወጣ ሠርተነዋል። አንቴና ሥር የሚገባ መዳብ ሞገዱን ያዳክማልና።

ሽማግሌው ከግንቦት ጀምሮ ከሮቶው ክዳን ሥር ካለ የድምፅ ሞገድ ርቀት መለኪያ ጋር ተገናኝቶ በየ10 ደቂቃው የውሃውን ከፍታ ይልካል። መለኪያው የሚመልሰው 5 ቮልት ስለሆነ ባለ 1 እና ባለ 2 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ወደ 3.3 ያወርዱታል። የጥበቃ ሠራተኛችን አሁን ጠዋት ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉን መስኮት አንኳኩተው «ልጆቼ፣ ዛሬ ስንት ደረሰ?» ይላሉ።

መብራት ሲጠፋ ግን የዋይፋይ ማሠራጫውም አብሮ ስለሚጠፋ ንባቡ ይቋረጣል። ስለዚህ ለ2018 ዓ.ም. አርኤፍኤም95 የተባለ፣ ያለ ዋይፋይ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚልክ የሎራ ሞጁል መርጠናል። የእሱም መገናኛዎች 16 ናቸው፤ የሚራራቁትም በ2 ሚሊሜትር ነው። የሰሌዳውን ሥዕል ሁለት የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ጀምረውታል።