ማይኩ የትምህርት ቤቱ፣ ጸሎቱ የተማሪው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ጸሎት፣ ስለ ማዕተብና ስለ ሂጃብ የሚደረገው ክርክር “ይፈቀድ” እና “ይከልከል” በሚሉ ሁለት ወገኖች እጅ ወድቆ ቀርቷል። በጎጃም ትምህርት ቤቶች ጠብ የሚያስነሳው ግን ከዚህ ይልቅ የሚጨበጥ ነገር ነው፦ የሚኒ ሚዲያው ማይክ፣ የበር ጥበቃው፣ የዓርብ ከሰዓት ፕሮግራም፣ የፈተናው ቀን። እነዚህን ዓመቱ ሳይጀመር በጽሑፍ ያልወሰነ ርእሰ መምህር ጠቡ ግቢ ከገባ በኋላ ሊወስን ይገደዳል፤ ያኔ ምንም ቢወስን አድልዎ ይመስላል።

ሕጉ አያሻማም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ ይሰጥ ይላል። አንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን የመግለጽ መብትን ያረጋግጣል፤ ልጆችን በሃይማኖት ኮትኩቶ የማሳደግንም መብት ለወላጅ ይሰጣል። ሦስቱ አብረው ሲነበቡ ተማሪው በራሱ ጊዜና በራሱ አንደበት የሚያደርገው የራሱ ነው። ትምህርት ቤቱ በድምፅ ማጉያው፣ በክፍለ ጊዜውና በመምህሩ አማካይነት የሚያደርገው ግን የመንግሥት ሥራ ነው።

ከሚኒ ሚዲያው ልጀምር፣ ብዙዎቻችን አይተን የምናልፈው እሱን ነውና። ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ በፊት መዝሙር ይከፈታል። አብዛኛው ተማሪ ኦርቶዶክስ በሆነበት ግቢ ማንም ቅር የሚለው አይመስልም። ሰልፍ ላይ የቆመችው ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ልጅ ግን ጥላ መውጣት አትችልም፤ ሰልፍ ግዴታ ነው። በግዴታ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ስፒከር የሚለቀቅ ጸሎት የግዴታ ጸሎት ይሆናል። ይህን የምለው መዝሙሩን የምወድ ኦርቶዶክስ ሆኜ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የክበቡ ተጠሪ መምህር ፍላሹን ቀድሞ ይሰማ፣ የማንኛውም እምነት መዝሙር፣ ነሺዳና ስብከት አይለቀቅ፣ “እንኳን አደረሳችሁ” የሚለው መልካም ምኞት ግን ለሁሉም በዓል እኩል ይነበብ።

በማኅበራዊ ሚዲያ “አሜሪካ ጸሎትን ከትምህርት ቤት አባረረች” እየተባለ በምሳሌነት ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገደው የኒው ዮርክ የትምህርት ባለሥልጣናት ያዘጋጁት ባለ 22 ቃል ጸሎት በክፍል ውስጥ እንዲባል ማድረግን ነው። ተማሪ በግሉ እንዳይጸልይ የከለከለ የለም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ፍርድ ቤት ከጨዋታ በኋላ ሜዳ ላይ ተንበርክኮ ለጸለየ አሠልጣኝ ፈርዶለታል። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ ጎልቶ የሚታይ የሃይማኖት ምልክትን፣ ሂጃቡንም ትልቅ መስቀሉንም፣ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አስወጥታለች። ሂጃብ ይከልከል ብለው የሚያጨበጭቡ ወገኖቼ ያን መንገድ ቢይዙት ነገ ጥያቄው ወደ ልጆቻቸው አንገት ይዞራል።

በአለባበስ ጉዳይ ነገሩ የሚበላሸው በር ላይ ነው። ደንቡ በቃል ስለሆነ ተርጓሚው ጥበቃው ይሆናል። የተመለሰችው ልጅ መጀመሪያ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ቀጥሎ ቀኑን፣ አንዳንዴም ዓመቱን ታጣለች፤ የስልክ ቪዲዮው ደግሞ ከማታ በፊት የከተማ ጉዳይ ይሆናል። በ2017 የአክሱሙ የሂጃብ ውዝግብ ፍርድ ቤት ደርሷል። በታኅሣሥ 2012 በሞጣ መስጊዶች ሲቃጠሉ ያዘንን የጎጃም ሰዎች እንዲህ ያለው እሳት እንዴት እንደሚዛመት አይጠፋንም። ስለዚህ በሃይማኖት ልብስ ምክንያት ማንም ተማሪ ከበር አይመለስ። ጥበቃው ስም መዝግቦ ያስገባ፤ ርእሰ መምህሩ በዚያው ቀን ወላጅ ያነጋግር። የራስ መሸፈኛው ከዩኒፎርሙ ቀለም ጋር ይስማማ፣ ፊት ይታይ። በፈተና ቀን ማንነት ማጣራት ካስፈለገ ሴት መምህርት ለብቻ ታጣራ። ማዕተብን ማንም መምህር አይንካ።

የዓርቡ ጉዳይ ደግሞ መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች የፈታው ነው፤ ቢሮዎች ዓርብ ምሳ የሚወጡት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ነው። ሙሉ ቀን የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ ቢይዙ ያለቀለት ነው። በፈረቃ የሚያስተምሩት ናቸው የሚቸገሩት፦ የከሰዓቱ ፈረቃ ሲጀምር የጁምዓ ሶላት ሰዓትም ይገባል፣ ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት ያጣል። ለሚጠይቁ ተማሪዎች የጠዋት ፈረቃ መስጠት፣ ካልተቻለ ዓርብ ከሰዓት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ቴስት አለማድረግና “ቀሪ” አለማለት ይቻላል።

ጾሙ ከሁሉም የበለጠ ዝግጅት ይፈልጋል። በ2018 ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሲገባ ረመዳንም በቀናት ልዩነት ተከትሎታል። በ2019 ግን ረመዳን በየካቲት መባቻ ግድም ገብቶ ሊያበቃ ሲል፣ የካቲት 29 ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ ከጾመኛ ተማሪ ጋር ይሄዳል ማለት ነው። እስከ 9 ሰዓት ምንም ያልቀመሰን ልጅ በ8 ሰዓት ፀሐይ ስፖርት ማስሮጥ ራሱን እንዲስት መጋበዝ ነው፤ ስፖርት ወደ ጠዋቱ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ይምጣ፣ ፈተና ከ6 ሰዓት በፊት ይለቅ፣ ከሚያዝያ 18 እስከ 23 ባለው ሰሙነ ሕማማት የ12ኛ ክፍል ሞዴል ፈተና አይያዝ። ምገባ ባለበት ትምህርት ቤት በዐቢይ ጾም ለሁሉም የጾም ምግብ መሥራት ይበቃል፤ ማእድ ቤቱን መዝጋት ግን ጨርሶ አይገባም፣ የማይጾም ልጅ አለና። መምህርም ክፍል ፊት “ትጾማለህ?” ብሎ አይጠይቅ።

የ12 እና የ21 ወርኃዊ በዓል ሲውል በገጠር ክፍሉ ይሳሳል። ለዚህ የቢሮ ደብዳቤ ማብዛት ዋጋ የለውም፤ በዓሉ ሞፈርና ቀንበር ቢያስቀምጥም ደብተር እንደማያስቀምጥ ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ቢናገሩ ይሰማሉ።

“ልጆቹ ግብረ ገብ ያጡት ጸሎት ስለሌለ ነው” የሚሉ ወላጆችን ጭንቀት እጋራለሁ። ግን የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤት ያለበት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱና መድረሳው በየአካባቢው የሚገኝበት አገር የሃይማኖት መምህር አልቸገረውም። የቸገረው የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ በተለይ አሁን፣ በጸጥታው ምክንያት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው በቆዩበት ጊዜ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ አውጥተው ከነሐሴ ምዝገባ በፊት ለየትምህርት ቤቱ ይላኩ። ወላጅ መምህር ኅብረቱ የየእምነቱን ወላጆች አስቀምጦ ያጽድቀው፣ ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ ይፈርምበት፣ አንድ ቅጂም በር ላይ ይለጠፍ።

አንድ የትምህርት ባለሙያ
ከደብረ ማርቆስ