የአይጥ ሙከራን የሰው መድኃኒት አድርጋችሁ አትጻፉብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ፋርማሲስት ነኝ። የጤና ገጻችሁን እከታተላለሁ፤ ስለ አገር በቀል መድኃኒት መጻፋችሁንም እወደዋለሁ። ግን የሆነ ዘር ህመም ያስታግሳል የሚል ጥናት በወጣ ቁጥር፣ እናንተም ሌሎቹ ሚዲያዎችም ርዕሱ ላይ «ተረጋገጠ» ትላላችሁ። የተሞከረው በአይጥ ላይ መሆኑ ወይ መጨረሻ አንቀጽ ላይ ተወሽቆ ይገኛል ወይ ጭራሽ የለም። ይሄ ሰው ይጎዳል፣ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

ሙከራው እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው «ተረጋገጠ» ለማለት አይቸኩልም። ዘሩ ደርቆ ይፈጫል፤ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ኤክስትራክት ይባላል። ከዚያ ነጫጭ የላብራቶሪ አይጦች በቡድን ይከፈላሉ። በተለመደው አሠራር አምስት ቡድን ነው፣ በየቡድኑ ስድስት አይጥ። አንዱ ቡድን መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ብቻ ይሰጠዋል፣ አንዱ እንደ አስፕሪን ወይም ሞርፊን ያለ የታወቀ ማስታገሻ፣ የቀሩት ሦስቱ ኤክስትራክቱን በተለያየ መጠን፣ ለምሳሌ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 100፣ 200 እና 400 ሚሊግራም እያደረጉ ይሰጧቸዋል።

ህመሙ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ መንገድ የተበረዘ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ፣ ሆዳቸው ውስጥ መውጋት ነው። አይጧ ሆዷን እያኮማተረች፣ የኋላ እግሯን እየዘረጋች ትጠማዘዛለች፤ ተመራማሪው ስንት ጊዜ እንደተጠማዘዘች ይቆጥራል። ሌላው መንገድ 55 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ብረት ላይ አስቀምጦ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ስንት ሰከንድ እንደቆየች መለካት ነው። እንዳትቃጠል ገደብ ይደረጋል፣ ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 ሰከንድ ሲሞላ ትነሳለች።

እንግዲህ አስቡት። መጠማዘዟ ቀነሰ ማለት የግድ ህመሟ ቀነሰ ማለት አይደለም። ያፈዘዛት ወይም ጡንቻዋን ያላላው ነገርም መጠማዘዟን ይቀንሰዋል። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች በሚሽከረከር ዘንግ ላይ ሚዛኗን ጠብቃ መቆም መቻሏንም የሚያዩት ለዚህ ነው። ይሄ ያልታየበት ጥናት ለእኔ ግማሽ መልስ ነው።

ጥቁር አዝሙድን እንውሰድ፣ ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን የምናሸተውን። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ ጥናት ዘይቱም፣ ታይሞኪኖን የሚባለው ዋናው ንጥረ ነገሩም በአይጦች ላይ ተሞክረው በአሲዱም በሞቀው ብረትም ህመም ቀንሰዋል። ተመራማሪዎቹ እዚያ አላቆሙም። የሞርፊንን ሥራ የሚያግደውን ናሎክሶን ጨምረው ሲያዩ ማስታገሱ ተበላሸ። ስለዚህ ቢያንስ ከፊሉ ሥራ ሞርፊን በሚሄድበት መንገድ ሳይሆን እንደማይቀር ፍንጭ ተገኘ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ሳነብ ደስ ይለኛል፤ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃልና። ያም ሆኖ የአይጥ ጥናት ነው።

መጠኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በኪሎ 400 ሚሊግራም የሚለውን ወደ ሰው ለመቀየር በ12 ገደማ ይካፈላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2 ግራም ይመጣል። ግን 2 ግራም ኤክስትራክት ነው፣ 2 ግራም ዱቄት አይደለም። ከ100 ግራም ዘር 10 ግራም ኤክስትራክት ቢወጣ እንኳ 20 ግራም ዘር ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ሜታኖል የሚያወጣውን ሁሉ ውሃ አያወጣም። ታዲያ «በቀን አንድ ማንኪያ» የሚለው ምክር ከየት መጣ?

«ጉዳት የለውም» የምትሉትም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ መነሻው በኪሎ 2,000 ሚሊግራም አንዴ ተሰጥቷቸው በ14 ቀን ውስጥ አይጦቹ አለመሞታቸው ነው። ለወራት ሲወሰድ ጉበትና ኩላሊት ምን ይሆናሉ? ከሌላ መድኃኒት ጋርስ? ያ ሙከራ ይህን አይመልስም። የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ አብሽ በብዛት የሚጠጡ እናቶች እኛ ጋ ይመጣሉ። አብሽ ራሱ ስኳር ይቀንሳል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ዘር ሁሉ ደግሞ አብሽ አይደለም። ለጥርስ ህመም ጭሱን የሚታጠኑት የአስተናግር ዘር አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች አሉበት፣ ያስቀባዥራል፣ ሊገድልም ይችላል።

የባህል መድኃኒትን እያጣጣልኩ አይደለም። መንገዱ እስከ መጨረሻ ሲሄድ ምን እንደሚገኝ በርበሬ ያሳያል። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን (ዘሩ ሳይሆን ዘሩ የተያያዘበት ነጩ ክፍል ላይ ነው የሚበዛው) ተለይቶ ወጣ፣ ተመዘነ፣ በሰው ላይ ተሞከረ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. 8 በመቶ የያዘ ፕላስተር ለነርቭ ህመም አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የኛዎቹ ዘሮች ለምን እዚህ አይደርሱም? ለእኔ ትልቁ ዜና እሱ ነው፣ እሱን ጠይቁልን። ጥናቱ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ፣ ከጸደቀ በኋላ ማን ቀጠለበት፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል?

ስለ አይጦቹም እንቆረቆራለሁ። ከላይ በጻፍኩት ስሌት ለአንድ ሙከራ ብቻ 30 አይጥ ይሰቃያል፣ አብዛኛውን ጊዜም መጨረሻው ሞት ነው። ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 እ.ኤ.አ. እንስሳውን በሌላ መንገድ ተኩ፣ ቁጥሩን ቀንሱ፣ ስቃዩን አቅልሉ ብለው ጽፈዋል። ተመራማሪ ስታነጋግሩ ይህንን አንሱበት፤ ከዚህ በፊት ተሠርቶ ያለቀ ሙከራ እንደገና የሚደገመው ለምን እንደሆነም ጠይቁት።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ከባድ አይደለም። አይጥ ከሆነ ርዕሱ ላይ አይጥ በሉ። የተሰጠው ዱቄት ይሁን ዘይት ወይስ ኤክስትራክት፣ በምን ያህል መጠን፣ ከየትኛው ማስታገሻ ጋር እንደተወዳደረ በሁለት መስመር ጻፉ። በሰው ላይ ካልተሞከረ «ገና አልተሞከረም» በሉ፣ የአወሳሰድ መጠን ግን አትጻፉ። ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት የሚያነብላችሁ ባለሙያ ከፈለጋችሁ እኔ በነጻ አነባለሁ፤ አድራሻዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ ፋርማሲስት አንባቢያችሁ