«ደረሰች?»

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ሕዝብ ትራንስፖርት የምታወጧቸውን ዘገባዎች አንድም ሳይቀረኝ አነባለሁ። አደጋው፣ ሰልፉ፣ የኪስ ሌባው፣ በወንበር የተነሳ ጠብ። ልክ አይደለም አልልም። በየቀኑ የምሳፈር ሰው ነኝና ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን የቀረ ነገር አለ። ይህን የምጽፈው እሱን ለመንገር ነው።

አባቴ ማየት ካቆመ ሦስት ዓመት አልፎታል። ግላኮማ ነው፤ ቀስ እያለ ወሰደበት። በየወሩ ለክትትል ወደ ሐኪም የማመላልሰው እኔ ነኝ፣ በአውቶቡስ። ዛሬም በመስኮቱ በኩል ካልሆነ መቀመጥ አይወድም። መንገድ ላይ ደጋግሞ «የት ደረስን?» ይለኛል። እኔም «ትንሽ ቀረን» እለዋለሁ። ሁሌም መልሴ ይሄው ነው።

ባለፈው ወር አውቶቡሱ ሞልቶ ጎን ለጎን የምንቀመጥበት ቦታ ጠፋ። መስኮቱ ጋ የነበረ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ቦታውን ለአባቴ ለቀቀለት። እኔ ከኋላቸው ቆምኩ። ልጁ ሁለቱንም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ትንሽ እንደሄድን አባቴ አጠገቡ ያለሁት እኔ መስዬው «የት ደረስን?» አለ። ልመልስለት ስል ልጁ ቀደመኝ። አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው አወጣና «ምን አሉኝ አባባ?» አለው። አባቴ ደገመለት። ልጁ የአባቴን ዓይኖች አየት አደረገ። ከዚያ ሁለተኛውንም አወጣው፤ ገመዱን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ድልድዩ ላይ ነን፣ አባባ። ውሃው ሞልቷል፤ ጭቃ መስሏል። ዳር ላይ ሁለት ልጆች ድንጋይ እየወረወሩ ነው።»

«ማዶ ይደርስላቸዋል?»

«የትልቁ ይደርሳል። የትንሹ መሀል ላይ ይሰምጣል።»

አባቴ ፈገግ አለ። ልጁ ቀጠለ። ውሻው፣ ሰርገኛው፣ ግንቡ ላይ ያለው ቀለም ቀቢ። ከአንድ ፌርማታ ልንነሳ ስንል ደግሞ ድምፁ ተለወጠ። «አባባ፣ አንዲት ሴትዮ እየሮጠች ነው። ሁለቱም እጆቿ ዕቃ ይዘዋል። ውይ፣ ጫማዋ ወለቀ! ተመለሰች... አነሳችው...»

«ሹፌሩ አይቷታል?»

«አላያትም መሰለኝ።»

«ቁም በሉት እንጂ!»

አባቴ ነው የጮኸው። ከታመመ ወዲህ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ከፊት ያሉት ተቀባበሉት፤ «ሹፌር፣ ጠብቃት! ሰው አለ!» አውቶቡሱ ቆመ።

«ደረሰች?»

«ደረሰች፣ አባባ!»

ሴትየዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ እያለከለከች ገባች። ሰው ሁሉ እየሳቀ ዕቃዋን ተቀበላት። ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ስንት ፌርማታ እንደቀረን አልነበረም።

ስንወርድ ልጁን ላመሰግነው ዞር አልኩ። ያለኝን አልረሳውም። «መጀመሪያ ላይ እረብሻቸው ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።»

ይቺ ፍርሃት የብዙዎቻችን ናት። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒኮላስ ኤፕሊ እና ጁሊያና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች በቺካጎ ባቡር የሚመላለሱ ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። አንዳንዶቹን ከማያውቁት ሰው ጋር አውሩ አሏቸው። ሌሎቹን ብቻችሁን ዝም ብላችሁ ተጓዙ፣ የቀሩትን እንደ ወትሯችሁ ሁኑ አሏቸው። ጉዟቸው የበለጠ ደስ ያላቸው ያወሩት ነበሩ። ምን ይሰማችሁ ነበር ተብለው በግምት ብቻ የተጠየቁት ግን ተቃራኒውን ነው የመለሱት፤ ዝም ማለቱ ይሻላል ብለው። ሁሉም አጠገቡ ያለው ሰው ማውራት የማይፈልግ ይመስለዋል። ያኛውም ስለዚህኛው እንደዚያው ያስባል። ሁለቱም ዝም ብለው ይወርዳሉ።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ፣ ስታንሊ ሚልግራም የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ተማሪዎቹን ኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ልኮ ነበር። ሥራቸው ቀላል ነው። የተቀመጠ ሰው ጋ ሄደው፣ ምክንያት ሳይሰጡ፣ «ይቅርታ፣ ቦታዎን ይለቁልኛል?» ማለት። ከተጠየቁት 68 በመቶው ተነሱላቸው ወይም ጠጋ አሉላቸው። ሰው ደግ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቁጥር አላውቅም። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የጠያቂዎቹ ነገር ነው። ጭንቅ ሆነባቸው። ሚልግራም ራሱ ሞክሮት ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። ደጉ ሰው ተቀምጦ ነበር። የጠፋው የሚጠይቅ አፍ ነው።

ሁሉም ወሬ ግን ደግ አይደለም። ሴት ነኝ፤ አውቶቡስ ላይ በወሬ አሳቦ እጁን የሚልክ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። መለያውም አይጠፋኝም። ደግ የሆነው ሰው መውጫ ይተውልሻል። አንድ ቃል ይልሻል፤ ካልመለስሽ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል እንጂ አይከፋም። ደክሞት ዝም ማለት የፈለገም ሰው አለ፤ እሱንም መተው ነው። ያ ልጅ አባቴ እስኪጠይቀው ጠብቋል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ፣ ከገጻችሁ ጥግ ላይ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ቦታ ስጡ። አንባቢዎቻችሁ ይጽፉላችኋል። የወደቀ ስልክ ይዞ እስከሚቀጥለው ፌርማታ የሮጠ ሰው አለ። ያለቀሰች ተሳፋሪን ምንም ሳትጠይቅ መሀረብ ጉልበቷ ላይ ያኖረች አለች። ስማቸውን የሚያውቅ ስለሌለ ማንም አመስግኗቸው አያውቅም። ምናልባት አንዳቸው ጋዜጣችሁን ገልጠው ራሳቸውን ያገኙ ይሆናል። ያንን ልጅ እኔም ስሙን ሳልጠይቀው ነው የተለየነው። ይህን ካነበበ፣ አባባ ሰላም ብለውሃል።

ባለፈው ሳምንት ቀጠሮው ደርሶ እንደገና ተሳፈርን። በዚህኛው ጉዞ ጎን ለጎን ቦታ አገኘን። አባቴ መስኮቱ ጋ ሆነና «የት ደረስን?» አለኝ።

«ድልድዩ ላይ ነን» አልኩት። «ውሃው ጎድሏል። ድንጋዮቹ ታይተዋል።»

«ልጆቹስ?»

አንገቴን በእሱ በኩል አስግጌ ወደ ታች አየሁ።

«ትንሹ ብቻ ነው ያለው።»

«ወረወረ?»

«ቆይ... እያነጣጠረ ነው።»

አክባሪያችሁ፣
የአውቶቡስ ተሳፋሪ