የባህል ሂሳብ በአልጋ ኪራይ ብቻ አይሠራም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባህል ለኢኮኖሚው ምን ያህል ይጠቅማል የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ አቆጣጠሩ ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ዳንግላ ውስጥ የነጋዴ ሂሳብ እየያዝኩ የምኖር ሰው ነኝ፣ ቁጥር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

በዚህ አቆጣጠር የአልጋ ኪራይ፣ የምግብና የመጠጥ ሽያጭ፣ የመኪና ሂሳብ ይደመርና «በዓሉ ይህን ያህል ብር አስገኘ» ይባላል። በእኛ ሙያ ይህ ሽያጭ ነው፣ ትርፍ አይደለም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ሄጄ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ሳይ ጥብስ እበላለሁ። ባልሄድም ዳንግላ መብላቴ አይቀርም ነበር። ብሩ ኪስ ቀየረ እንጂ ለአዊ ዞናችን አዲስ ገንዘብ አልመጣም። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ የሚያወጣው አዲስ ነው፤ ከእሱም ቢሆን የቢራው ሂሳብ ደህና ድርሻው ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። እነዚህ ሁለቱ ያልተቀነሱበትን ድምር እኔ አልፈርምበትም።

ወጪውን ደግሞ ማንም አያነሳውም። ፈረስ ለአንድ ቀን በዓል ተብሎ አይቀለብም። ገብሱን ክረምት ከበጋ ይበላል። ኮርቻው፣ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ግላሱ ሁሉም ገንዘብ ነው። ከፋዩ ባለፈረሱ ገበሬ ነው፣ ገቢው የሚጻፈው በባለሆቴሉ ስም ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ለማሰብ ነበር። ያኔ ስለ ቱሪስት የተጨነቀ አልነበረም።

እነዚህን ዓመታት እንኳ ተመልከቱ። በጸጥታው ምክንያት ጎጃም እንግዳ ርቆታል። የጣናን ገዳማት በማስጎብኘት የሚኖሩ ልጆች ሥራ ቀዝቅዞባቸዋል። በአልጋ ሂሳብ ከሄድን የባህላችን ዋጋ ወርዷል ማለት ነው። ፈረሱ ግን አሁንም ይቀለባል። ለቅሶ ሲሆን አጊጦ ይወጣል። የተጣላም በሽማግሌ ይታረቃል። ታዲያ ምኑ ነው የወረደው?

ውጭ አገር የሚሠሩበት አንድ ዘዴ አለ። ሰውን «ይህ ነገር እንዳይጠፋ ስንት ትከፍላለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ስለ ኮፐንሃገኑ የንጉሣዊ ቴአትር ቤት ይህንኑ ጠየቀ። ሕዝቡ እከፍላለሁ ያለው መንግሥት ከሚሰጠው ድጎማ የማያንስ ሆኖ ተገኘ። ቴአትር ቤቱን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ጭምር እንከፍላለን ብለዋል።

ዘዴውን የሚነቅፉት አሉ፣ እውነታቸውን ነው። በአፍ መክፈል ለማንም አይከብድም። ጎጃም ውስጥ ግን መጠየቁም አያስፈልግም፣ ሰው እየከፈለ ነው። የቅኔ ቤቶቹን ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን አስቡ። የቅኔ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ ጎጆውን ይቀልሳል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። የኔታ ክፍያ አይጠይቁትም። ቁራሹን የምትሰጠው የቤቱ እመቤት ናት። አብዛኞቹ እመቤቶች ግዕዝ አይሰሙም፣ ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃናን ከመወድስ አይለዩም። ግን ይሰጣሉ፣ ያውም በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ከልጆቻቸው ሌማት። የጤፍ ዋጋ ይታወቃል። ቁራሹን በተማሪውና በቀኑ ብዛት አባዙት፤ ሕዝቡ ለቅኔ የሚያወጣው በብር ቁጭ ይላል። ለዚህ አማካሪ መቅጠር አያስፈልግም፣ የገበያ ዋጋና አንድ ካልኩሌተር ይበቃል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የባህልና የፈጠራ ዘርፍ ከዓለም ጥቅል ምርት 3.1 በመቶ፣ ከሥራው ደግሞ 6.2 በመቶ ይይዛል ይላል። ትልቅ ቁጥር ነው፣ ደስ ይላል። ደመወዝ የሌላቸው የኔታ ግን እዚያ ውስጥ የገቡ አይመስለኝም። ሠርግ ላይ ግንባሩ ላይ ብር የሚለጠፍለት አዝማሪም ደረሰኝ አይቆርጥም።

ባህል በብር አይለካም ብለው የሚቆጡ አሉ። ከእነሱም አልስማማም። እንዲህ የሚል ሰው በጀት ሲደለደል ባዶ እጁን ነው የሚወጣው። መለካቱስ ይለካ፣ ግን ከፋዩም መዝገብ ውስጥ ይግባ። የየወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ስንት ፈረስ እንደሚቀለብ፣ ስንት ኮርቻ ሰፊ እንደቀረ፣ ልጁ ሙያውን እየወረሰ ይሁን ባጃጅ እየነዳ፣ ስንት ቅኔ ቤት እንደተዘጋ በየዓመቱ ይመዝግብ። ኮርቻ ሰፊው ከጠፋ በዓሉ በስንት ዓመት እንደሚቀዘቅዝ የአልጋ ሂሳብ አይነግረንም። እንዲያውም የመጨረሻው ኮርቻ ሰፊ ሥራ በሚያቆምበት ዓመት አልጋው ሞልቶ ሊያድር ይችላል።

ለናንተም አንድ ልመና አለኝ። ለሚቀጥለው ጥር 23 ጋዜጠኛ ስትልኩ ከሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሎ አንድ ባለፈረስ ያነጋግር። የገብስ፣ የኮርቻና የልጓም ወጪውን ጠይቆ ከአልጋ ኪራዩ ጎን ያትመው።

የሂሳብ ሠራተኛ፣ ከዳንግላ