ከተግባር ሳምንቱ በኋላ ያለው ሰኞ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ትምህርት ቤቶች የሚጻፈውን ሁሉ ባገኘሁት ቁጥር አነባለሁ። ብዙውን ጊዜ የማየው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ የፈተና ውጤት ነው፣ ወይ ደግሞ ልጆች በእጃቸው የሠሩትን ይዘው ተሰልፈው የተነሱት ፎቶ። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ነው። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት ነኝ። በቅርቡ የልጄ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት ሙሉ ለተግባር ትምህርት መድቦ ነበር። ወላጆችም መጥተን እንድናግዝ ስለተጠየቅን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሁለት ቀን ከልጆቹ ጋር ዋልኩ፤ የቀረውን ማታ ማታ ከልጄ ሰማሁ።

በመጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙ ነው።

ሰኞ ዕለት ኮሪደሩን በእግራቸው ለኩ። ተረከዝን ከአውራ ጣት እያስነኩ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ። የእኔ ልጅ 66 እግር አለች። ከክፍሉ ረጅም የሆነው ልጅ 60 አለ። መምህሯ ራሷ ለካችና 48 ሆነ። ከዚያ ጭቅጭቁ ተጀመረ፤ አንዱ “አጭበርብረሻል” ይላል፣ ሌላዋ እንደገና ልለካ ብላ ትሮጣለች፣ አንድ ልጅ ደግሞ ኮሪደሩ ራሱ ተለዋውጦ እንደሆነ ጠየቀ። መምህሯ ዝም ብላ ጠበቀቻቸው። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ “እግራችን እኮ እኩል አይደለም” አለች። ያኔ ነው ሜትሩ ከመሳቢያ የወጣው። ትልልቆቹ ሰዎችም ለብዙ ዘመን በዚሁ ነገር ሲጨቃጨቁ ነው የኖሩት፤ አንዱ አገር በክንድ፣ ሌላው በእግር፣ የአንዱ ክንድ ከሌላው ክንድ ሳይገጥም። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ፈረንሳዮች ከምድር ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለ10 ሚሊዮን ከፍለው አንዱን ክፋይ ሜትር ያሉት የማንም ሰው አካል ያልሆነ መለኪያ ፈልገው ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች እዚያው ጥያቄ ላይ በራሳቸው ጭቅጭቅ ደረሱ። ይህን ሳይ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ማክሰኞ ቦሎቄ ዘሩ። እርጥብ ጥጥ፣ ግልጽ ብርጭቆ፣ ፍሬው በብርጭቆውና በጥጡ መሀል፣ ከውጭ እንዲታይ። እያንዳንዱ ልጅ ስሙን ወረቀት ላይ ጽፎ ለጠፈ። ውሃ ሲበዛ ፍሬው አየር አጥቶ እንደሚበሰብስ ተነገራቸው፤ ስለዚህ ማንኪያ በማንኪያ ነበር የሚያጠጡት፣ ምላሳቸውን ነክሰው። ሐሙስ ደግሞ ክር ይዘው የክዳንና የሰሃን ዙሪያ ለኩ። የዙሪያውን ክር በመሀል ላይ ሲዘረጉት ሦስት ጊዜ ይደርስና ትንሽ ይተርፋል። አንድ ልጅ አላመነም። የባሊ ክዳን ፈልጎ አመጣ፣ ትልቅ ስለሆነ አራት ይደርሳል ብሎ። እሱም ሦስት ደርሶ ትንሽ ተረፈ።

እንዲህ ዓይነቱ ሳምንት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ወላጆች አሉ፣ በወላጆች ስብሰባም ሰምቻቸዋለሁ። በፍጹም አልስማማም። ያ ልጅ የባሊውን ክዳን ይዞ ሲመለስ ፊቱን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። መምህራኑም እንዴት እንደደከሙ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጆቹ ከሄዱ በኋላ እስኪመሽ ድረስ ካርቶን ሲቆርጡ፣ ስም ሲጽፉ፣ የፈሰሰ ውሃ ሲወለውሉ ነበር። ቅሬታዬ በእነሱ ላይ አይደለም። ቅሬታዬ ሳምንቱ በታቀደበት መንገድ ላይ ነው።

ረቡዕን ልንገራችሁ። ያን ቀን ብቻ ሰባት ነገር ነበር የተያዘው። በየ20 ደቂቃው ደወል ይደወላል፣ ልጆቹ ከአንዱ ጠረጴዛ ተነስተው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። የሸክላ ጭቃው ድብልብል ሲሆን ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጥ፣ ያው ጭቃ እንደ ጀልባ ሲሠራ ግን እንደሚንሳፈፍ የሚያዩበት ጠረጴዛ ላይ ነበር የተመደብኩት። ድብልብሉ ሰመጠ። ጥሩ። ጀልባ መሥራት ጀመሩ። ጠርዙ ቀጭን ሲሆን ይቀደዳል፣ ወፍራም ሲሆን ይሰምጣል፣ እንደገና ይሠራሉ፣ እና ልክ የመጀመሪያዋ ጀልባ ስትንሳፈፍ ደወል ተደወለ። ከስድስት ልጆች አምስቱ የሰመጠ ጭቃ ብቻ አይተው ሄዱ። አንዷ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ወደ ኋላ እያየች ነበር የሄደችው።

ከዚያም በላይ ያንገበገበኝ የጥላው ነገር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቢው መሀል እንጨት ተክለው የጥላውን ጫፍ በጠመኔ ምልክት አደረጉ። 6 ሰዓት ሲወጡ ጥላው አጥሮ እንጨቱ ሥር ገብቷል። “ማን ቆረጠው?” ያለ ልጅ ነበር። መምህሯ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ምልክት እናደርጋለን፣ እስከዚያ የት እንደሚሆን ገምቱ አለቻቸው። ሁሉም ግምቱን በየጠመኔው አሰመረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን እንግዳ መጥቶ ንግግር ሊያደርግ ነው ተባለና ሁሉም ወደ አዳራሽ ገባ። አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ “ጥላውስ?” አለ። ሦስት ጊዜ ጠየቀ። ከአዳራሹ ስንወጣ ደመና ሆኗል። ማን በትክክል እንደገመተ እስካሁን አይታወቅም፤ ጠመኔውም በማግስቱ ተጠርጓል።

አርብ ኤግዚቢሽን ነበር። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። ብርጭቆዎቹ በረድፍ ተደርድረው፣ ጥቂቶቹ ላይ የፍሬው ልጣጭ ተሰንጥቆ ነጭ ጫፍ ብቅ ብሎ ነበር። ፎቶ ተነሳ። ሰኞ ልጄን ላደርስ ስገባ ግን ብርጭቆዎቹ በካርቶን ተከተው ከበሩ ኋላ ተቀምጠዋል፣ ጥጡ ደርቋል። ክፍሉ ወደ ገጽ ስንት እንደሆነ ወደማላውቀው ትምህርት ተመልሷል። ሥር ወደ ታች ግንድ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ ቅጠል ሲያወጣ የሚታየው ገና ከዚያ በኋላ ነው እኮ! ልጆቹ የዘሩትን ነገር ዋናውን ክፍል ሳያዩት ቀሩ።

አዘጋጁ፣ የኔ ነገር አንድ ነው። የተግባር ሳምንት ሰኞ ላይ ተመልሶ ካልተነሳ ግማሹ ይጠፋል። ይሄ የእናት ስሜት ብቻ አይደለም። ኸርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ራሱ እያጠና፣ ራሱን እየፈተነ፣ በ1885 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነገር አለ፤ ያጠናው ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፣ በቀናት ልዩነት እየተመለሰ ሲያየው ግን ይቆይለታል። ልጅ በእጁ የነካው ነገር ከባዶ ቃል ይሻላል፣ እሱን አምናለሁ። ቢሆንም ማንም ተመልሶ ካልጠየቀው እሱም ይደበዝዛል። ልጄን ባለፈው ሳምንት ስለ ክሩ ብጠይቃት “ለካን” ብቻ ነው ያለችኝ። ስንት እንደደረሰ ረስታዋለች። ሰሃን አምጥተን እንደገና ስንለካ ነው “አዎ! ሦስትና ትንሽ!” ያለችው።

ጆን ዱዊ የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ፈላስፋ በ1896 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች እንጨት ይሠሩ፣ ይሸምኑ ነበር፤ ሒሳቡም ታሪኩም ከዚያ ሥራ ነበር የሚወጣው። እዚያ የእጅ ሥራ የየዕለቱ ትምህርት ነበር እንጂ በዓመት አንዴ የሚመጣ ድግስ አልነበረም። ሁሉም ትምህርት ቤት እንደዚያ ይሁን አልልም፣ መምህራን ያለባቸውን ጫና አውቃለሁ። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሰባት የነበረው ሦስት ይሁን፣ ጀልባዋ እስክትንሳፈፍ ድረስ ደወሉ ይቆይ። እንግዳው ጥላው ከተለካ በኋላ ይናገር፣ ወይም እሱም ወጥቶ ከልጆቹ ጋር ይገምት። ብርጭቆዎቹ ቅጠል እስኪያወጡ መስኮቱ ላይ ይቀመጡ። ሰኞ ላይ ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ብቻ፣ “ምን አገኘን? ምን አልገባንም?” ለሚለው ይሰጥ። ምንም ወጪ የለውም። እናንተም ጋዜጠኛ ወደ ትምህርት ቤት ስትልኩ አርብ ብቻ አትላኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄዶ ልጆቹን ይጠይቅ፣ መልሳቸውን እንዳለ ጻፉት።

ያን ሰኞ መምህሯን አስፈቅጄ የልጄን ብርጭቆ ይዘን ወደ ቤት መጣን። ጥጡን አረጠብነው። እንዳልሞተ ያወቅነው በሁለተኛው ቀን ነው። ሥሩ ወረደ፤ ልጄ ደግሞ ምን እንደሚሆን ልይ ብላ ፍሬውን ገለበጠችው፣ ሥሩ ወደ ላይ እንዲያይ። ተቆጣኋት፣ ከዚያ ግን ተውኳት። በማግስቱ የሥሩ ጫፍ ታጥፎ ወደ ታች ዞሯል። ደብተሯ ላይ “ዞረ” ብላ ጽፋ ከጎኑ ሣለችው። ቅጠል ሲያወጣ ወደ ክፍል ልውሰደው አለች፤ በፎጣ ጠቅልለን ወሰድነው። መምህሯ ስታየው የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠችና ልጆቹን ጠረጴዛዋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። በር ላይ ቆሜ ነበር። ልጆቹ ቅጠሉን በጣታቸው ጫፍ እየነኩ ዞሩት፣ ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ “ቲቸር፣ የኔስ የት ነው ያለው?” አላት።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ እናት