የልምምድ ደብተሩን የሚፈርመው ማን ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሴት የነርስ ተማሪዎች ኑሮ ሲጻፍ የትምህርት ጫናና የእንቅልፍ እጦት በሰፊው ይነሳል፤ ፆታዊ ጥቃት ላይ ሲደረስ ግን ብዕሩ ይቆጠባል። በሙያው ውስጥ ያለሁ በመሆኔ፣ አቤቱታው የሚቀበረው የት እንደሆነ ልጠቁም።

የነርስ ተማሪ የትምህርቷን ትልቅ ክፍል የምትማረው በሰው ቤት ነው። በሆስፒታሉ ዋርድ ውስጥ ሠራተኛ አይደለችም፤ ኮሌጁም አጠገቧ የለም። ታካሚ ሰውነቷን ቢነካካት፣ አስታማሚ ቢሰድባት፣ የሌሊት ተረኛ ሐኪም ወይም ነባር ነርስ በክፉ ዓይን ቢከታተላት ለማን ትናገር? ሆስፒታሉ «ተማሪዋ የኮሌጁ ናት» ይላል፤ ኮሌጁ ደግሞ «ድርጊቱ የተፈጸመው እዚያ ነው»። ከሁሉ የሚብሰው፣ በተግባር ልምምድ ደብተሯ ላይ የሚፈርመው ሰው ራሱ ጥቃት አድራሹ ሊሆን መቻሉ ነው። ፊርማው ከሌለ የልምምድ ሰዓቷ አይሟላም፤ ሰዓቷ ካልተሟላ አትመረቅም። ታዲያ ዝም ብትል ምን ይገርማል? የሚገርመው «አንድም አቤቱታ አልደረሰንም» እያለ ደረቱን የሚነፋው ኃላፊ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የኑሮ ጥራትን የሚለካበት ባለ 26 ጥያቄ አጭር መጠይቅ አካላዊ ጤናን፣ ሥነ ልቦናን፣ ማኅበራዊ ግንኙነትንና የመኖሪያ አካባቢን ይዳስሳል። ጥቃት ከአራቱ አንዱንም አይምርም። እንቅልፍ ይነሳል፣ ሐሳብ ይበትናል፣ ከጓደኛ ይነጥላል፣ ነገ የሚገባበትን ዋርድ ከዛሬ ያስፈራል። መድኃኒት መጠን የምታሰላ ልጅ ሐሳቧ ሲበተን ጉዳቱ ለታካሚውም ይተርፋል።

የተደፈረች ሴት የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለባት ተማሪዋ በክፍል ተምራለች። እሷ ራሷ ስትጠቃ ግን መድኃኒቱ ያለው በምትለማመድበት ሆስፒታል ነው፤ ካርዷን የሚያወጣው፣ ምርመራውን የሚያየው ሁሉ ያውቃታል። ምስጢር ጠባቂነት በፈተና ወረቀት ላይ ቀላል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት 190ኛ ስምምነት በሥራ ዓለም ከሚፈጸም ጥቃትና ትንኮሳ ከሚጠበቁት መካከል በሥልጠና ላይ ያሉትንም ለይቶ ይጠቅሳል። ስለዚህ «ሠራተኛችን አይደለችም» የሚለው ማምለጫ ብዙ አያስኬድም።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። ኮሌጅና ሆስፒታል ተማሪ ሲረካከቡ የሚፈርሙት ውል፣ አቤቱታ የሚቀበለውን ሰው ይወስን፤ ያ ሰው በውጤቷ ላይ ሥልጣን የሌለው ይሁን። ጉዳዩ እስኪጣራ ከዋርዱ የሚነሳው ተከሳሹ ይሁን፤ እሷ መቀየር ከፈለገችም የሠራችው ሰዓት ይያዝላት። ሕክምና ከሌላ ተቋም እንድታገኝም አስቀድሞ ይመቻችላት። ውሎቹ በየጊዜው ስለሚታደሱ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው በሚቀጥለው እድሳት አንድ አንቀጽ መጨመር ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የነርስ መምህርት